ያልተጠየቀ ትንፋሽ

ቱባዬን ለመጨረሻ ጊዜ ያጠብኩት ጄኔቭ አጠገብ፣ ኦኔ በምትባል ከተማ፣ በልጄ በሰብለ ቤት፣ ገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ነው። ቱባን ለማያውቅ ሰው፣ ከናስ መሣሪያዎች ሁሉ ትልቁ፣ ድምፁም ከሁሉም የወፈረው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው የሚነፉት ነው። ገንዳውን ሞልቶት ነበር። ሰብለ በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

«አባባ፣ ልጆቹ የት ይታጠቡ?» አለችኝ።

«እሱ ሲወጣ ይገባሉ።»

የልጅ ልጄ ናኦሚ ከእናቷ ጎን ብቅ ብላ፣ «አያቴ፣ እሱ በጣም ቆሻሻ ነው? ሻምፑዋን ላምጣ?» አለች። እዚህ የተወለዱ ልጆች አማርኛቸው እንዲህ ነው፤ ግማሹ ከእኛ የተሰማ፣ ግማሹ ከትራም ላይ የተለቀመ። ሻምፑ አያስፈልግም አልኳት። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙናና እንደ ልብ የሚታጠፍ ረጅም ብሩሽ ይበቃዋል። የፈላ ውሃ ከሆነ ግን ቫርኒሹን ይልጠዋል። ይህን ያስተማረኝ ሬቶ ነው። ስለ ሥራ ዘመኔ ልጽፍ ተቀምጬ ይኸው ገና ገንዳው ላይ እያለሁ ስሙን አነሣሁት። በየትም በኩል ብጀምር እሱ ዘንድ መድረሴ ስለማይቀር አልታገልም።

ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያሳደገኝ ባንድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የማርሽ ባንድ ገብቼ መጀመሪያ ከበሮ ተሸከምኩ፤ ቀጥሎ ትከሻዬ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ቱባ ተሰጠኝ። «አንተ ግድግዳ ነህ፤ ቱባ ደግሞ ግድግዳ ላይ ነው የሚያርፈው» ያሉኝ የቱባዎቹ አለቃ ሻምበል ገብሬ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ኖታ ማንበብ ከፊደል ይልቅ ቀለለኝ። ፊደል ብዙ ነው፤ ኖታ ግን ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል።

ሻምበል ስለ ሙዚቃ ብዙ አይናገሩም ነበር። አንድ ነገር ግን እስኪሰለቸን ይደጋግሙታል። «ቱባ ትንፋሽ ይፈጃል። ስለዚህ ትዋዋሳላችሁ» ይሉናል። መዋዋሱ እንዲህ ነው። ሁለት ቱባ ነፊዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ረጅም ድምፅ ሲይዙ፣ ሁለቱም እኩል ከተነፈሱ ድምፁ ይበጠሳል። ስለዚህ አንደኛው ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል የጎረቤቱን ጉልበት በጉልበቱ ነካ ያደርጋል። ጎረቤቱ ድምፁን ይይዝለታል፤ እሱ ተንፍሶ ይመለሳል። ሰሚው ሰው ትንፋሽ የማያልቅበት አንድ ጉልበተኛ የሚነፋ ይመስለዋል። ሻምበል ታዲያ በመጨረሻ አንድ ማሰሪያ ያክሉበታል፤ «ጉልበትህ ሳይነካ እንዳትገባ። የሰው ትንፋሽ የሰው ነው።»

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከተማው ጭንቅ ያዘው። ሥነ ሥርዓቱም ሠርጉም ቀዘቀዘ፤ ባንዱ ውስጥ የነበሩት አንዳንዶቹ ጡረታ፣ አንዳንዶቹ ስደት፣ አንዳንዶቹም ወደ ንግድ ሄዱ። ሰብለ ከባሏ ጋር ቀድማ ጄኔቭ ገብታ ነበርና አስመጣችኝ። ፔርሚ ስለሚሉት የመኖሪያ ፈቃድና ስለ ቢሮው ምልልስ አልጽፍም፤ ያየው ያውቀዋል፣ ላላየው አይታየው። ሆቴል ቤት ሰሃን አጠብኩ። ዳቦ ይሆናል፣ ክፉም አይደለም። ከንፈሬ ግን ሥራ ፈቶ ተቀመጠ።

አንድ ቅዳሜ ፕላንፓሌ አደባባይ ላይ፣ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ ስዞር፣ ከመብራትና ከስዕል ፍሬም መሀል አንድ ቱባ ተጋድሞ አየሁ። ጎኑ ተሰርጉዷል፤ በጣት ከሚጫኑት ቫልቮቹም አንዱ ደርቆ አልነቃነቅ ብሏል። ሻጩን በእጄ ምልክት «ልሞክረው?» አልኩት። እሱም በእጁ «እንደ ፍጥርጥርህ» አለኝ። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በቀሩት ቫልቮች የሚወጣውን ያህል፣ የአንድ የድሮ ማርሽ ባሱን፣ የታችኛውን ድምፅ፣ ብቻ ነፋሁ። ዓይኔን ስገልጥ የተወሰኑ ሰዎች ፊት ለፊቴ ቆመዋል። አንድ ረጅም ሽበታም ሰውዬ ግን ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ጨርሼ ስነሣ ዞር አለና መጣ።

«የት ነው የነፋኸው?» አለኝ በፈረንሳይኛ፤ የእሱም ፈረንሳይኛ እንደኔው የተዋሰው ነበር።

«አዲስ አበባ።»

«ከስንት ጊዜ በፊት?»

«ከንፈሬ ‹ትናንት› ይላል፤ ሳንባዬ ‹ድሮ› ይላል።»

ሳቀ። ያ ሬቶ ነው። ዙሪክ አጠገብ ያለችው የቪንተርቱር ከተማ ሰው፣ በዙሪክ አንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ባስ ትሮምቦን ነፊ። ባስ ትሮምቦን ያ የሚሳብና የሚገፋ ረጅም ቱቦ ያለው መሣሪያ ነው፤ በኦርኬስትራ ውስጥ ከቱባ ጎን ይቀመጣል። በየበጋው ከጄኔቭና ከዙሪክ ኦርኬስትራዎች የናስ መሣሪያ ነፊዎች እየተሰባሰቡ ጄኔቭ አንድ የበጋ የሙዚቃ አካዳሚ ውስጥ ወጣቶችን ያስተምራሉ፤ እሱም ለዚያ መጥቶ ነበር። ቱባውን ተጋግዘን ትራም ላይ ጫንነው። ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ዓይኑ እኛን፣ በአንድ ዓይኑ ቱባውን ያይ ነበር። ሰሃን ማጠቤ በዚያው አበቃ።

ክረምቱን ሬቶ ባገናኘኝ ቪንተርቱር ባለ አንድ የመሣሪያ መጠገኛ ቤት እሠራ ጀመር፤ በጋ ሲመጣ ጄኔቭ ተመልሼ አካዳሚው ውስጥ የመሣሪያዎቹ ጠባቂና በሬቶ ክፍል ረዳት እሆን ነበር። ደመወዙ ለሰብለ ሸክም እንዳልሆን አድርጎኛል፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም። ሥራው ግን ሥራ ነበር። የተሰረጎደን ናስ በመዶሻ ከላይ የሚመታ ሰው ናስ አያውቅም። ከውስጥ የብረት ኳስ ታስገባለህ፣ ከላይ በጣትህ ቦታውን ትፈልጋለህ፣ ከዚያ እያባበልክ ታወጣዋለህ። የደረቀ ቫልቭ ደግሞ አይታገሉትም። ዘይት አጠጥተህ ሌላ ሥራ ትሠራለህ፤ እሱ ራሱ ሲሻው ይለቃል። መጀመሪያ አካባቢ በችኮላ የታገልኩት አንድ ነበር፤ የመጠገኛ ቤቱ ባለቤት ቀስ ብሎ ከእጄ ወስዶ ዘይት ውስጥ ነከረውና ሻይ ጋበዘኝ።

ሬቶ በመጀመሪያው ሳምንት «ዱ በለኝ» አለኝ፤ በእነሱ ወግ «አንተ» እንድትለው ሲፈቅድልህ ነው። በዕድሜ እበልጠው ስለነበር ለእኔ አልከበደኝም። ልማዶች ነበሩት። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አንድ ፖም በቢላ ይልጣል፤ ልጣጩ ካልተበጠሰ ቀኑ ጥሩ ነው። ተማሪ መሣሪያውን ሳያነሣ መጀመሪያ በአፉ እንዲያዜመው ያደርጋል። ከሁሉም የሚገርመው ግን ተማሪው መንፋት ሲጀምር ክፍሉን ለቆ መውጣቱ ነው። ወጥቶ በሩን ይዘጋና ኮሪደር ላይ ቆሞ ይሰማል። አዲስ ተማሪ ሁሉ ይደነግጣል፤ መምህሩ አስጠልቶት የሄደ ይመስለዋል። «ናስ አጠገቡ ሆነህ አይታወቅም» ይላል ሬቶ። «አጠገቡ ሁሉም ይጮኻል። በር ዘግተህ ስትሰማው ነው ማን እንደሚዘፍን የሚለየው።»

አንድ ሌላ ሕግም ነበረው፤ በእሱ ክፍል ውስጥ ስለ ከንፈር አይወራም። «ከንፈሬ ደከመ፣ ከንፈሬ አበጠ» ያለ ሰው ውጭ ወጥቶ ይቀመጣል። «መቶ እግር ያለው ትል የትኛውን እግሬን ላስቀድም ብሎ ካሰበ ይወድቃል» ይላል። ጥሩ ሕግ ነበር። ለብዙ በጋ ጥሩ ሕግ ነበር።

ከተማሪዎቹ መካከል አንዷን ለብቻዋ ላንሣት፤ ኢክራም ትባላለች። የደሴ ልጅ ናት፤ ብቻዋን ተሰድዳ ቪንተርቱር ገብታ የአረጋውያን እንክብካቤ ለረ ትማር ነበር፤ ለረ የሚሉት እየሠሩ የሚማሩትን ሙያ ነው። የሰፈሩ የናስ ባንድ ቱባ የሚነፋ አጥቶ እሷን ያዘ። አንድ ቀን የባንዱን ቱባ ለጥገና ይዛ መጥታ በአማርኛ ስትረግመው ሰምቼ ነው የተዋወቅነው። እኔ ለሬቶ ነገርኩት፣ ሬቶ ኮሪደር ሆኖ ሰማት፣ በጋውን ወደ አካዳሚው መጣች። አርብ አርብ ምሳ ላይ ሳህኔን ትስባለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ አርብ ነው። አይቡን ወዲህ ይበሉት።»

«አንቺም እኮ ዛሬ ጁምዓሽ ነው።»

«ጁምዓ አይብ አይከለክልም። ይጹሙልኝ፣ እኔ እበላልዎታለሁ።»

ሬቶም በበኩሉ «ስዊስ ሀገር በሳምንት ሁለት ቀን አይብ የማይበላ ሰው ፖሊስ ሊጠይቀው ይገባል» ይለኝ ነበር።

እንዲህ እየሳቅን ዓመታት ሄዱ። ከዚያ አንድ ክረምት ሬቶ መንጋጋው ላይ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ዳነ። ግን በጋ ላይ አካዳሚው ሲከፈት፣ ፖሙን ሲበላ ጭማቂው በግራ አገጩ ላይ ሲወርድ አየሁ፤ አልተሰማውም። ሲነፋም ረጅም ድምፅ ላይ ድምፁ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። ማንም ምንም አላለም። ስለ ከንፈር አይወራማ።

የአካዳሚው ወግ ደግሞ በመዝጊያው ኮንሰርት መምህሩ ከተማሪዎቹ መሀል ተቀምጦ አብሮ መንፋት ነው። የማይነፋ መምህር እዚያ ቤት አያስተምርም። ዲሬክተሯ ማዳም ኮሌት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ራሷ ዋሽንት ነፊ ነበረች። ከኮንሰርቱ በፊት ኮሪደር ላይ ይዛኝ፣

«ሬቶ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው።»

«ያንን ድምፅ ካልያዘው ክፍሉን ለሌላ መስጠት ይኖርብኛል። ይገባሃል አይደል?»

ገብቶኛል። ድምፁ የቱ እንደሆነም አውቀዋለሁ። ሬቶ ለክፍሉ ራሱ ያዘጋጀው አንድ አጭር ዜማ አለ፤ በየበጋው የምንዘጋው በእሱ ነው። ሁሉም አብሮ ይጀምርና አንድ በአንድ ዝም ይላል። በመጨረሻ የሬቶ አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻውን መሬት ላይ ይቀራል። ከዚያ ሁላችንም በላዩ ቆመን እንመለሳለን። ያ ድምፅ ከተበጠሰ የምንቆምበት የለም። ሬቶ ደግሞ ያለዚያ ክፍል ምን ይሆናል? ኦርኬስትራውን ጡረታ ወጥቶ ተሰናብቷል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ዓመቱን ሙሉ የሚያወራው ስለ በጋው ነው።

ኮንሰርቱ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ከሬቶ ግራ እኔ፣ ከእኔ ቀጥሎ ኢክራም፣ ከኋላችን ሁለቱ የትሮምቦን ተማሪዎች፣ ከጫፍ ደግሞ ላይኛውን ድምፅ እንድትይዝልን የመጣችው፣ ሆርን የሚባለውን የተጠመጠመ ቀንድ የምታስተምረው ክሌር። ዜማው ተጀመረ። ክሌር ዝም አለች፣ ትሮምቦኖቹ ዝም አሉ፣ እኛም ዝም አልን። ሬቶ ቀረ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ግን ነበር። መሀል ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

እኔ በልቤ ‹ቢሰበርበት ቀስ ብዬ ከሥሩ እገባለታለሁ› ብዬ አስቀድሜ ወስኜ ነበር። ሲንቀጠቀጥ ገባሁ። ለካ ኢክራምም ወስናለች። ለካ ሁለቱ ልጆችም፣ ሳይመካከሩ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ወስነዋል። ክሌር ሳትቀር ሆርኗ ሊወርድ የሚችለውን ያህል ዝቅ ብላ ገባች። ሁላችንም የገባነው በቀስታ ነው። ግን አምስት ቀስታ ሲደመር አንድ ጩኸት ነው። ከሐይቁ ላይ መርከብ መጥቶ አዳራሹ ውስጥ የቆመ መሰለ። ፊት ወንበር ላይ አንድ ሰው ሳቀ።

ሬቶ ትሮምቦኑን ከአፉ አውርዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ቀሪውን ያለ እሱ ጨረስን። ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፣ ወጣ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወደ ቪንተርቱር በባቡር ሄደ። ማዳም ኮሌት ያየችው አምስት ሰው የሚሸፍንለትን መምህር ነው።

ኢክራም ቱባዋን አቅፋ እንደተቀመጠች፣ «ጋሼ፣ ሊያነሣው ነበር እኮ። ሰምቻለሁ። ተንቀጥቅጦ ሊቀና ነበር» አለችኝ።

«እኔም ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ገባን?»

ቱባዋን ከእቅፏ ተቀበልኩና ወደ ሳጥኑ መለስኩት።

በጋው አልፎ ጭጋጉ ሲመጣ አንድ ሰኞ ሬቶ መጠገኛ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ትሮምቦኑን በሳጥኑ ይዟል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«ምንም አልሆነ። ገዢ ፈልግለት።»

ባለቤቱ እኔን አየኝ፤ እኔ ወንበር አመጣሁ። ባለቤቱ አስተዋይ ሰው ነው፤ የሚላክ ዕቃ አለኝ ብሎ ወጣ።

«ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። ታዴ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አምስታችሁም አውቃችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ስለ ከንፈር አይወራም ያልከው አንተ ነህ።»

ወንበሩን ሳበ። ከዚያ ተቀመጠ። የሳጥኑን መቆለፊያ ከፈት ዘጋ እያደረገ፣ «ግራው በኩል አይሰማኝም። መንፊያውን አፌ ላይ ሳስቀምጠው የት እንዳረፈ አላውቅም። እንደ ሰው ቤት ጨለማ ውስጥ መቀመጫ መፈለግ ነው» አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ከንፈሩ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

«ያን ቀን ግን ይዘኸው ነበር።»

«ይዤው ነበር። ልቆምበት ነበር። እናንተ ወሰዳችሁብኝ።»

«አዎ። ሳትጠይቀን ሰጠንህ። ጥፋቱ እሱ ነው» አልኩትና የሻምበል ገብሬን የጉልበት ነገር አጫወትኩት። ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ሰማኝ።

«እኔ ቱባ አይደለሁም» አለ። «ያ ድምፅ ብቻውን የሚያዝ ነው። ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ።»

«ደግ። ብቻህን ያዘው። ካልነካኸኝ አልገባም። ከነካኸኝ እገባለሁ። ሌላ የለም።»

ትሮምቦኑን አልሸጥንም። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ይመጣ ጀመር። መንፊያውን ወሰድኩና በቀኝ በኩል፣ ከንፈሩ በሚሰማው ቦታ፣ ጠርዙ ላይ በጥፍር የምትዳሰስ ለስላሳ ጎድጓዳ አበጀሁለት፤ ያቺን ሲያገኛት ቤቱን አገኘ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ተሳስተናል፤ አንዷ ቆረጠችው፣ አንዷ ድምፁን አጠፋችበት። ያገኘናት በረዶው ሊቀልጥ ሲል ነው። ሲነፋ እኔ ጓሮ እወጣና በሩን እዘጋለሁ። ስመለስ፣

«ምን ሰማህ?» ይለኛል።

«ስትቸኩል ሰማሁ። ሳይሰበርብኝ ልጨርሰው እያልክ ትሮጣለህ።»

«አንተ በሰው ጓሮ ቆመህ እኔን ታስተምረኛለህ?»

«ኮሪደሩን ያስተማረኝ ማን ነው?»

እሱ ከንፈሩን ሲያሠራ እኔና ኢክራም ጄኔቭ ወረድን። ባቡር ላይ ኢክራም ጣቶቿን እያፍተለተለች፣ «ጋሼ፣ የእኔ ፈረንሳይኛ ‹ቦንዡር›ና ‹ዴዞሌ› ብቻ ነው» አለች።

«ይቅርታ መጠየቂያው ካለሽ ሌላው ትርፍ ነው።»

ማዳም ኮሌት ቢሮዋ ውስጥ እስከ መጨረሻው ሰማችን። ሬቶ ይነፋ እንደነበር፣ ድምፁ ሊቀና ሲል እኛ እንደዋጥነው ነገርናት።

«አምስታችሁም? ክሌርም?»

«ክሌርም።»

ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። «አንድ በጋ» አለች። «ያንን ድምፅ ሳይበጠስ ከሰማሁት ክፍሉ የእሱ ነው። ከተበጠሰ ግን እኔም ልረዳው አልችልም፣ እናንተም አትለምኑኝም።»

ለሬቶ እንዳለ ነገርነው። «ፍትሐዊ ነው» አለ።

በጋ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ሬቶ ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ «ግራ ከንፈሬ አይሰማም። ድምፄ ሊሰበር ይችላል። ሲሰበር ማንም እንዳይገባ። የምፈልገው ካለ እኔ እጠይቃለሁ» አላቸው። ቀጥሎም የእነሱን ጠየቃቸው፤ ማን የት እንደሚደክመው፣ ማን ምን እንደሚፈራ። ከብዙ በጋ በኋላ በዚያ ክፍል ስለ ከንፈር ተወራ። አንዱ ልጅ ስለ ጥርስ ሽቦው ሲናገር ምሳ ሰዓት አለፈ። በልምምድ ሬቶ ድምፁን አንዳንዴ ይይዘዋል፣ አንዳንዴ ይበጠስበታል። ሲበጠስ ሁላችንም እንደ ሐውልት እንቀመጣለን። እኔን ግን አንድም ቀን አልነካኝም። ጉልበቶቻችን መሀል አንድ ጣት የምታሳልፍ ክፍተት ነበረች፤ እሷን ሳይ ዋልኩ።

የመዝጊያው ቀን ማዳም ኮሌት ከፊት ወንበር ተነሥታ ስትሄድ አየኋት። አዳራሹን አቋርጣ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋች። ሬቶ አይቷታል። ፈገግ አለ። ኮሪደሩን ለዚያ ቤት ሁሉ ያስተማረው እሱ ነው።

ዜማው ተጀመረ። ክሌር ዝም አለች። ትሮምቦኖቹ ዝም አሉ። ኢክራምና እኔ ዝም አልን። እኔ ቱባዬን ከከንፈሬ አላወረድኩም፤ ሳንባዬን ሞልቼ ጠበቅሁ። የሬቶ ድምፅ ወጣ። ሰፊ ነበር፣ አልቸኮለም። ኢክራም እግሯን ወለሉ ላይ ቆልፋ መሬቱን ትገፋ ነበር፤ እንዳትገባ ራሷን ይዛ ነው። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ማንም አልገባም። ቀና። እንደገና ተንቀጠቀጠ፤ አሁን ረዘም አለ። ገና ብዙ ይቀረዋል። በዓይኔ ጠርዝ አንገቱ ላይ ሥሩ ሲነሣ አየሁ። ‹ጠይቀኝ› አልኩ በልቤ፤ ‹ሰውዬ፣ ጠይቀኝ።›

ጉልበቱ ጉልበቴን ነካ።

ገባሁ። ከሥሩ፣ እንደ ምንጣፍ። እሱ ተወኝና አየር ሳበ፤ ከንፈሩ ያቺን ጎድጓዳ ፈልጎ አገኛት፤ ተመለሰ። ሲመለስ ወጣሁ። ከዚያ ሁላችንም በላዩ ቆመን ተመለስን፤ ክሌር ከላይ፣ ልጆቹ ከመሀል፣ ቱባዎቹ ከታች። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ሬቶ አልተነሣም ነበር። ጉልበቱ በእኔው ጉልበት ላይ እንደተደገፈ ነው።

ማዳም ኮሌት በሩን ከፍታ ገባች። ቀጥ ብላ እኛ ዘንድ መጣች።

«አልተበጠሰም» አለች። «በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል? በዚህ ዕድሜ?»

ሬቶ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። «በአንድ አይደለም። ጠይቄ ነው።»

እኔንም እሱንም አየችን። የተናገረችው ‹ሳይበጠስ ከሰማሁት› ነውና ቃሏን አላጠፈችም። ሬቶ ከዚያ ወዲያ ብዙ በጋ አስተማረ። ክፍሉን ያስረከበው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ዛሬ አንድ የድሮ ተማሪያችን ይዞታል፤ ረዳቱ ኢክራም ናት። ለረዋን ጨርሳ ክረምቱን ከአረጋውያኑ ጋር ትውላለች፣ በጋ ላይ ፈቃድ እየወሰደች ወደ ጄኔቭ ትወርዳለች። ሬቶ ቪንተርቱር ፖሙን እየላጠ ይኖራል፤ እሑድ እሑድ እንደዋወላለን። እኔም ሳንባዬ ደረጃ ላይ ሲያስጠነቅቀኝ፣ ሳላኮርፍ፣ ቱባ የማቆሚያ ጊዜዬ መሆኑን አወቅሁ።

ቱባውን ያጠብኩት ለዚህ ነው። በማግስቱ ኢክራም ልትወስደው መጣች። ሰብለ ምሳ አቀረበች፤ አርብ ስለነበር አይቡ አሁንም ለኢክራም ደረሳት። ከዚያ ቱባውን አቅፋ ሳሎን ተቀመጠች፤ ናኦሚ ጆሮዋን ይዛ ከሶፋው ጀርባ ተደበቀች። እኔ ተነሥቼ ከቤት ወጣሁና በሩን ዘጋሁ። አሳንሰሩ አጠገብ ቆምኩ።

ጎረቤታችን ፖርቱጋላዊቷ ሴት ዘንቢሏን ይዛ ከአሳንሰሩ ስትወጣ፣ «መሲዮ፣ ቁልፍ ጠፋብዎት?» አለችኝ።

«የለም። ሥራ ላይ ነኝ።»

ከበሩ ወዲያ፣ በኢክራም ትንፋሽ፣ የሬቶ ድምፅ ተነሣ፤ ያው ወፍራሙ፣ ብቻውን መሬት ላይ የሚቀረው። ረዘመ። መሀል ላይ ተንቀጠቀጠ። ሳላስበው ሳንባዬ በአየር ሞላ፣ ከንፈሬም ተሰበሰበ። ጉልበቴን የነካኝ ግን አልነበረም። አየሩን ቀስ ብዬ ለቀቅሁትና ዝም ብዬ ሰማሁ። ድምፁ ቀና።